የለሆሳሱ ምት፦ ድራምን በጸጥታ መጫወት ይቻላል?

የኮንዶሚኒየም ኑሮ ለድራመር ይከብዳል። ጊታር የሚለማመደው ጓደኛው አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ጣቱን ሲያፍታታ ያድራል። ኪቦርድ የሚጫወተውም ሄድፎኑን ሰክቶ ማንንም ሳይቀሰቅስ ይሠራል። ድራመሩ ግን ስቲኩን ባነሳ ቁጥር ሕንፃው ሁሉ ያውቅበታል። እኔም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስኖር በሩን ዘግቼ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ ስኔሩ ላይ ፎጣ አንጥፌ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። በመጨረሻ የኤሌክትሮኒክ ፓዶችን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ ክፍሉ ጸጥ ሲል ችግሩ የተፈታ መሰለኝ። በማግስቱ ከታች የሚኖሩት እናት ደረጃው ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ዘፈኑስ አይሰማኝም፤ ጣራዬን ምን ሆነህ ነው የምትደቃው?» አሉኝ። የሚደቃው እግሬ ነበር። የቤዝ ድራሙ ፔዳል ወለሉን ይመታል፣ ወለሉ ደግሞ የእሳቸው ጣራ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጸጥታ ብዙ ክፍሎች ያሉት ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። በአየር የሚሄድ ድምፅ አለ፣ በወለል የሚሄድ ንዝረት አለ። እነዚህ ሁለቱ ሲገቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ ጎረቤትን ስናሳርፍ ሙዚቃውንስ አብረን አላጠፋነውም ወይ?

ይህ ዳሰሳ ምቱ ከስቲኩ ጫፍ ተነስቶ ጆሮ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ይከተላል። መንገዱ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ትሪገር የሚባለው ሴንሰር የምቱን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ምልክቱ ወደ ሞጁል ገብቶ ቁጥር ይሆናል፣ ቁጥሩ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር ያልፋል። እዚያ ያለው የድራም ሶፍትዌር ቀድሞ በስቱዲዮ የተቀዳ የእውነተኛ ድራም ድምፅ መርጦ በሄድፎን ያሰማል። መመዘኛዬ አንድ ነው። ድራመሮች ጎስት ኖት የሚሏቸው፣ በዋናዎቹ ምቶች መካከል ስኔር ላይ የሚንሾካሾኩ ትንንሽ ምቶች አሉ። እኔ የለሆሳስ ምት እላቸዋለሁ። ግሩቭ የሚባለው ነገር በአብዛኛው የሚኖረው እነሱ ውስጥ ነው። ይህን ሹክሹክታ እስከ መጨረሻው የሚያደርስ ዝግጅት ጥሩ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያስቀረው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አይረባም።

ከድንጋይ ወደ መረብ

የነገሩ ሁሉ መሠረት አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ ማመንጨታቸው ነው። ይህን ባሕርይ ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 ገለጡት። ዛሬ በየትሪገሩ ውስጥ የምናገኘው ፒዬዞ የሚባል ክብ ቅጠል፣ ቀጭን የናስ ሳህን ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ነው። ከሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ሲሆን የተለመዱት መጠኖች 27 እና 35 ሚሊ ሜትር ናቸው።

ወደ ድራሙ ስንመጣ፣ የሙዲ ብሉዝ ባንድ ድራመር ግሬም ኤጅ እ.ኤ.አ. በ1971 የኤሌክትሮኒክ ድራም በአልበም ላይ ተጠቅሟል። በብዙ ሰው ዓይን ውስጥ የቀረው ግን እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የእንግሊዙ ሲመንስ ኤስዲኤስ-5 ነው። ባለ ስድስት ጎን ፓዶቹ የዘመኑ ምልክት ሆኑ። ፊታቸው ግን ጠንካራ ፖሊካርቦኔት ስለነበር የድራመሮችን አንጓ ጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ ሲወጣ ምቱ ከፋብሪካው ሳጥን ነፃ ወጣ፤ አንድ ፓድ የማንንም ድምፅ መጥራት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ሮላንድ የተባለው ኩባንያ ከድራም ፊት ሠሪው ሬሞ ጋር ተባብሮ ቲዲ-10 ሞጁል ያለበትን ድራም ከመረብ በተሠራ ፊት ጋር አወጣ። አየር በመረቡ ቀዳዳዎች ስለሚያልፍ ምቱ አይጮኽም፣ ስቲኩም እንደ ልብ ይነጥራል። ከድምፁ ይልቅ የእጅ ስሜቱ ነበር ድራመሮችን ያስታረቀው። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ የጸጥታ ድራም ትልቁ እርምጃ የመጣው ስቲኩ ከሚያርፍበት ፊት በኩል ነው።

ምን ላይ እንምታ?

የመጀመሪያው ምርጫ ዝግጁ የኤሌክትሮኒክ ድራም መግዛት ነው። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ይመጣል፣ ሞጁሉም በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል። እዚህ ላይ መለየት ያለበት የጎማና የመረብ ፓድ ልዩነት ነው። ጎማ ዕድሜው ረጅም ዋጋውም ዝቅ ያለ ቢሆንም ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ በክፍሉ ይሰማል፣ አንጓንም ያደክማል። መረብ ከሁለቱ ጸጥተኛው ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ያለንን አኮስቲክ ድራም መለወጥ ነው። ድራመሮች ስኪን የሚሉት ፊት ተፈቶ በምትኩ መረብ ይወጠራል። ከዚያ በስኔሩ፣ በቶሞቹና በቤዝ ድራሙ ጠርዝ ላይ ትሪገር ይታሰራል። የዚህ መንገድ ጥቅም ሰውነት የለመደው ርቀትና ከፍታ ሳይለወጥ መቆየቱ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመድረክ ለሚያገለግል ልጅ፣ ሌሊት የተለማመደበት ቁመት ጠዋት ከሚቀመጥበት ጋር አንድ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ሲምባሎቹ ግን እንዳሉ ይቀራሉ። እነሱን በጎማ የተሸፈኑ የኤሌክትሮኒክ ሲምባሎች ይተካሉ። ካልሆነም እንደ ዚልጂያን ኤል80 ያሉ፣ ሠሪው ድምፃቸው እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል የሚላቸው የተበሳሱ ሲምባሎች አሉ።

ሦስተኛው ፓዱን በእጅ መሥራት ነው። አንድ ፒዬዞ፣ ቁራጭ ስፖንጅ፣ የቺፕውድ ክብና አንድ የጃክ ሶኬት ለጀማሪ ፓድ ይበቃሉ። ሞጁል ለሌለው ሰው አርዱይኖ የተባለው ትንሽ ሰሌዳ የሴንሰሩን ምልክት ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ማንበብ ይችላል። ከፒዬዞው ሁለት ሽቦዎች መካከል 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ይገባል። ጠንካራ ምት የሚያመነጨው ቮልቴጅ ሰሌዳውን እንዳይጎዳ ደግሞ 5.1 ቮልት ዜነር ዳዮድ ማስገባት ብልህነት ነው። ይህ መንገድ ገንዘብ ይቆጥባል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ማንም ሰው አንድ ፓድ በእጁ ከሠራ በኋላ ስለ ትሪገር ቅንብር ያለው እውቀት ከማንኛውም መመሪያ መጽሐፍ በላይ ይሆናል።

በጣት የሚመቱ ትንንሽ ፓዶችም አሉ። ከሁሉም ጸጥተኞች ናቸው፣ ዘፈን ለማቀናበርም ይመቻሉ። አንጓና እግር ግን በእነሱ አይሠለጥኑም፤ ስለዚህ ለድራመር ልምምድ ምትክ አይሆኑም።

የወለሉ ጉዳይ

ከታች ያሉት እናት የሰሙት ድምፅ በሄድፎንም በመረብም አይጠፋም። ፔዳሉ ሲመታ ንዝረቱ በእግሮቹ ወርዶ በቀጥታ ወደ ሲሚንቶው ይገባል። ሲሚንቶ ደግሞ ንዝረትን አሳልፎ ይሰጣል እንጂ አይውጥም። ምንጣፍ ቀጫጭኑን ድምፅ ያለዝባል፣ ወፍራሙን ግን ብዙም አይነካውም።

መድኃኒቱ ድራሙን ከወለሉ ማለያየት ነው። በብዙ አገር ያሉ የአፓርታማ ድራመሮች የሚሠሩት መድረክ ሁለት የቺፕውድ ወይም የኤምዲኤፍ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ያሉት ነው። በመካከላቸው በተቆረጡ ክብ ጉድጓዶች ውስጥ የቴኒስ ኳሶች ይቀመጣሉ። ኳሶቹ እንደ ሞላ ሆነው የላይኛውን ሰሌዳ ያንሳፍፉታል። ደንቡ ቀላል ነው። የላይኛው ክፍል በከበደ መጠን፣ ሞላውም በለሰለሰ መጠን ወፍራሙ ንዝረት ይበልጥ ይገታል። ስለዚህ ድራመሩ ራሱ ከነመቀመጫው ሰሌዳው ላይ ቢወጣ ክብደቱ ይጠቅማል። ኳሶቹ ሲበዙ መድረኩ ይደርቃል፣ ሲያንሱ ተጨፍልቀው ሥራቸውን ያቆማሉ። የላይኛው ሰሌዳ ግድግዳ ወይም ታችኛውን ሰሌዳ በአንድ ጥግ እንኳ ከነካ ንዝረቱ በዚያች ጥግ ያመልጣል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን በሞጁልና በሶፍትዌር ጨርሶ መድረኩን ለመጨረሻ ያቆየዋል። እኔ ግን በፎቅ ለሚኖር ሰው ከሁሉ በፊት ይህ ይሠራ እላለሁ። ጎረቤቱ የተቆጣበት ሰው ልምምዱን ያቆማል፣ ልምምድ ካቆመ ደግሞ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሴንሰሩን መቃኘት

የዳሰሳችን እምብርት እዚህ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዕቃ ገዝተው አንዱ በደስታ ሲጫወት ሌላው «ይህ ነገር አይመታም» ብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው በቅንብር ምክንያት ነው። ሞጁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ የእኛን እጅ አያውቅም። ሊነግሩት ይገባል።

መጀመሪያ ጌይን ይስተካከላል። በሚዲ ቋንቋ ለእያንዳንዱ ምት ቬሎሲቲ የሚባል ከ1 እስከ 127 ያለ የኃይል ቁጥር ይሰጠዋል። ጌይኑ ከፍ ካለ መካከለኛው ምት ሁሉ 127 ይሆንና ድራሙ አንድ ወጥ ጩኸት ይወጣዋል። ከዘቀጠ ደግሞ በጉልበት ካልመቱ ድምፅ አይወጣም። ትክክለኛው ቦታ፣ በእውነት በኃይል የመታነው ምት ብቻ 127ን የሚነካበት ነው።

ቀጥሎ ደፉ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለውን ንዝረት አትቁጠር የሚል ወሰን ነው፤ በሞጁሎቹ ላይ ትሬሾልድ ተብሎ ይጻፋል። ደፉ ከፍ ሲል የለሆሳሱ ምት በሩ ላይ ይቀራል። ዝቅ ሲል የእግር ንዝረትና የጎረቤት ፓድ መንቀጥቀጥ ምት መስለው ይገባሉ። ደፉን እስከ ዜሮ አውርዶ የውሸት ምቶች ሲመጡ ማየት፣ ከዚያ እነሱ እስኪጠፉ ድረስ ብቻ ቀስ እያሉ ማሳደግ ይሻላል። ከዚያ በላይ አንዲት እርምጃ የተጨመረች እንደሆነ ከሹክሹክታው ላይ ተቀንሳለች።

ሦስተኛው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ፒዬዞው አንዴ ሲመታ የሚያወጣው ሞገድ እየወጣ እየወረደ የሚጠፋ ነው፤ ሞጁሉ ትልቁን ጫፍ ለማግኘት ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ይጠብቃል። ይህ ስካን ታይም ይባላል። ሲረዝም የኃይሉ መጠን በትክክል ይነበባል፣ ድምፁ ግን ይዘገያል። ከምቱ በኋላ መረቡ ገና ሲርገበገብ ሁለተኛ ምት እንዳይቆጠር ደግሞ ማስክ ታይም ለጥቂት ጊዜ በሩን ይዘጋል። ምን ያህል ይዘጋ? ስሌቱ ያግዘናል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን የአሥራ ስድስተኛ ኖታዎች ርቀት 125 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ የሠላሳ ሁለተኛዎቹ 62.5። በሩ ለ10 ወይም ለ15 ሚሊ ሰከንድ ቢዘጋ ሮል አይጎዳም። 50 ከደረሰ ግን ሁለቱ ስቲኮች ተከታትለው የሚያርፉበት ፍላም አንድ ምት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛው ክሮስቶክ ነው። ቶሙን ስንመታ ክራሹ ይሰማል፤ ሁለቱ በአንድ ብረት ላይ ስለተሰቀሉ ንዝረት ይዋሳሉ። ሞጁሉ ይህን የሚሰርዝበት መንገድ አለው። ያም ሆኖ ስረዛው ሲበዛ ሁለት ፓድ በአንድ ጊዜ ስንመታ ደካማውን ምት ይውጠዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ብሎኖችን ማጥበቅ፣ በማሰሪያዎቹ መካከል ጎማ ማስገባትና ፓዶቹን ማራራቅ ይሻላል። ችግርን ከሥሩ መንቀል የቻለ ሰው ብዙ ማጣሪያ አያስፈልገውም።

የፒዬዞው አቀማመጥም ወሳኝ ነው። በመረቡ መካከል በስፖንጅ ሾጣጣ ላይ የቆመ ሴንሰር ስቲክ በትክክል መካከሉ ላይ ሲያርፍ ከልክ በላይ ይጮኻል። ስፖንጁ መረቡን በስሱ ገፋ እንዲያደርገው ማስተካከልና ሴንሰሩን ወደ ጠርዝ መውሰድ ይረዳል። ስኔር ላይ ሁለተኛ ሴንሰር በጠርዙ ሲጨመር የሪም ምት ለብቻው ይነበባል፤ ለዚህ ባለ ሦስት መስመር፣ ስቴሪዮ የሚባለው የጃክ ገመድ ያስፈልጋል። ገመዱ ሞኖ ከሆነ ጠርዙ ዝም ይላል። ፓዱ ተበላሽቷል ከማለት በፊት ገመዱን ማየት ነው።

ሃይሃት ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። ሌላው ፓድ መመታቱንና የምቱን ኃይል ብቻ ሲናገር፣ ሃይሃት እግሩ ምን ያህል እንደተጫነ በየቅጽበቱ መናገር አለበት። ብዙ ሞጁሎች ይህን በሚዲ 4ኛ ቁጥር መቆጣጠሪያ ይልካሉ። ሶፍትዌሩ ሙሉ ክፍትና ሙሉ ዝጉን እንዲያውቅ ፔዳሉን ለቆና ረግጦ ማስተማር ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ በከፊል የተከፈተው ሃይሃት፣ ያ የሚያሽሟጥጥ የሚመስለው ሽሽ የሚል ድምፅ፣ ፈጽሞ አይወጣም።

ሚሊ ሰከንዶች

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከስኔር እስከ ድራመሩ ጆሮ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ድምፁ ከ2 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። 10 ሚሊ ሰከንድ የዘገየ ድምፅ ደግሞ 3.4 ሜትር ርቆ ያለ ድራም እንደመስማት ነው፤ ይለመዳል። 25 ሲደርስ እጅ ይደናገራል፤ ተጫዋቹ ሳያውቀው ከምቱ ቀድሞ መምታት ይጀምራል።

ትልቁ የመዘግየት ምንጭ የኮምፒውተሩ በፈር ነው፤ ድምፁ በትንንሽ ጭብጥ እየተጠራቀመ የሚወጣበት ቋት ማለት ነው። በ44,100 ናሙና በሰከንድ፣ የ128 በፈር 2.9 ሚሊ ሰከንድ፣ የ256 ደግሞ 5.8፣ የ1024 ደግሞ 23.2 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ 128ን መነሻ አድርጎ፣ ድምፁ ከተቆራረጠ ብቻ ወደ 256 መውጣት ይመከራል። በዊንዶውስ ላይ የስታይንበርግ አዚዮ ድራይቨር ያለው ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል፤ ከሌለ አዚዮ ፎር ኦል የተባለው ነፃ ድራይቨር ያግዛል። በማክ ኮር ኦዲዮ፣ በሊነክስ ጃክ የተባለው ሥርዓት ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። የብሉቱዝ ሄድፎን ግን ጨርሶ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ስለሚያዘገይ ባለ ገመድ ግድ ነው።

የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ ሄድፎኑ ውስጥ እምምም የሚል ድምፅ ከመጣ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሞከር ምንጩን ያሳያል። የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት ባላቸው ቤቶች ይህ የተለመደ ነው።

ሶፍትዌሩና የከበሮ ጥያቄ

የድራም ሶፍትዌር ጥራት በሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ለእያንዳንዱ መሣሪያ ስንት የኃይል ደረጃ ተቀድቷል የሚለው ነው፤ በቀስታ የተመታ ስኔር በኃይል የተመታው ስኔር ድምፁ የተቀነሰለት አይደለም፣ ጠባዩም ሌላ ነው። ሁለተኛው ለአንድ ደረጃ ስንት ተለዋጭ ቅጂ አለ የሚለው ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ሲደጋገም ሮሉ እንደ መትረየስ ይሆናል። የስዊድኑ ቱንትራክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ሱፒሪየር ድራመር 3 ከ200 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ ድምፅ ይዟል። ይህን ሁሉ በሞባይል ዳታ ለማውረድ ለሚያስብ ሰው ግን ኤምቲ ፓወር ድራምኪት የተባለው ነፃና ቀላል ሶፍትዌር፣ ወይም ክፍት የሆኑት ድራምጊዝሞና ሃይድሮጅን ለልምምድ ይበቃሉ። በደንብ የተቃኘ ትሪገር በትንሽ ሶፍትዌር ይዘፍናል፤ ያልተቃኘን ትሪገር ግን 200 ጊጋ ባይት አያድነውም።

ድምፅ ሳይወጣ ሲቀር ወይም ቶሙ ሲመታ ሲምባል ሲሰማ መፍትሔው የኖታ ቁጥሮችን ማመሳሰል ነው። በጄኔራል ሚዲ ስምምነት ቤዝ ድራም 36፣ ስኔር 38፣ ዝግ ሃይሃት 42፣ ክፍት ሃይሃት 46፣ ክራሽ 49፣ ራይድ 51 ነው።

ለእኛ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከበሮስ? በእነዚህ ሶፍትዌሮች ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው የምዕራቡ ድራም ነው። በ6/8 የሚሄደውን ችክችካ በቶምና በስኔር መምታት ይቻላል፣ ሲደረግም ኖሯል። ሆኖም የከበሮ ሰፊ ፊት ጥልቅ ድምፅና የጠባቡ ፊት ስል መልስ ሌላ ነገር ናቸው። ደስ የሚለው፣ መንገዱ ክፍት መሆኑ ነው። አንድ ጥሩ ከበሮ በጸጥተኛ ክፍል ተቀምጦ እያንዳንዱ የመዳፍና የጣት ምት በአምስት የኃይል ደረጃ፣ በየደረጃው አራት አራት ጊዜ ቢቀዳ ለእያንዳንዱ ምት ሃያ ቅጂ ይሆናል። ሃይድሮጅን እነዚህን እንደ ቬሎሲቲያቸው መደርደር ይችላል። ፒዬዞው ደግሞ ስቲክና መዳፍ አይለይም። በሁለቱ የከበሮ ፊቶች ወይም በሁለት ለስላሳ ፓዶች ላይ ቢለጠፍ፣ ደፉ ለእጅ ዝቅ ቢደረግ፣ ከበሮም እንደ ድራም በሄድፎን ይመታል። ይህን ሥራ ማንም ውጭ ያለ ኩባንያ እስኪሠራልን መጠበቅ የለብንም። የችክችካ ውዝዋዜ ያለው በምቶቹ ጥንካሬ ልዩነት ውስጥ ነውና፣ እሱን በሚገባ ሊቃኘው የሚችለው የሚያውቀው ጆሮ ነው።

ጆሮና እጅ

የጸጥታ ድራም አንድ ታላቅ በረከት ጆሮን ማዳኑ ነው። በኃይል የሚመታ አኮስቲክ ድራም በተጫዋቹ ጆሮ ላይ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ናዮሽ ለ85 ዴሲቤል በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ለ100 ዴሲቤል የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። ሄድፎኑን እስከ ጥግ የከፈተ ሰው ግን ያንኑ አደጋ በጆሮው ላይ ለብሶታል። ውጭውን የሚዘጋ ሄድፎን መምረጥና መጠኑን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

እጅንም መጠንቀቅ ይገባል። መረብ ከአኮስቲክ ስኪን ይልቅ ስቲክን ይመልሳል። በእሱ ብቻ የተለማመደ እጅ እውነተኛ ስኔር ላይ ሲወጣ ሮሉ ይከብደዋል። መረቡን ትንሽ ላላ ማድረግና ከተቻለ በየሳምንቱ በአኮስቲክ ድራም ላይ መቀመጥ ይህን ያስተካክላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መልሴ አዎን፣ ይቻላል ነው። ቅደም ተከተሉ ግን መጀመሪያ ወለሉ፣ ከዚያ ስቲኩ የሚያርፍበት ፊት፣ ከዚያ ደፉና ጌይኑ፣ ከዚያ በፈሩ፣ በመጨረሻ ሶፍትዌሩ ነው። ድራም ሊገዛ የሄደ፣ ወይም በእጁ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ሞጁሉ ስንት መቶ ድምፅ እንዳለው ከመጠየቁ በፊት ስቲኩን ከስኔሩ ሁለት ጣት ብቻ ከፍ አድርጎ በራሱ ክብደት ይልቀቀው። ያቺን ምት በሄድፎኑ ከሰማት፣ ሁለተኛዋንም ጥቂት ለየት ብላ ከሰማት፣ ይቀመጥና ይጫወት።